ቀይ ክር የታሰረበት ሞተር

ሰዓት ሠሪው ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ መጀመሪያ የመጣ ቀን፣ ባለ ሁለት ካሴት ትልቅ ቴፕ እንደ ሕፃን አቅፎ ነበር።

«ልብስ እንዲሰፉልኝ ነው» አላት።

«ለማን?»

«ለእሱ። አቧራ ጨረሰው።»

ሰፊዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የቴፑን ቁመትና ወርድ በሜትሯ ለካች። ሰውየው የድሮ ካሴት ማጫወቻ ሰብሳቢ ነው፤ ቤቱ ዐሥራ ዘጠኝ ተደርድረውለታል። ይህን እያወራ ዓይኑ ከእሷ አልፎ መደርደሪያው ላይ ዐረፈ። እዚያ የሟች አባቷ ቴፕ ተቀምጧል፤ ሰውየው ካቀፈው ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት። አባቷ በዚያው ሱቅ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰፋ ያዳመጠው እሱን ነበር። አባቷ ከሞተ በኋላ ቴፑም ተበላሽቶ ዝም አለ።

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

ከዚያ ወዲያ ሰዓት ሠሪው በየሳምንቱ አንድ ቴፕ እያቀፈ ይመጣ ጀመር። ዓይኗን ሽሽት ወለሉን እያየ ያወራል፤ ልኬቱ ካለቀ በኋላም አይሄድም። እሷም ብትሆን እሱ በሚመጣበት ቀን መስታወት ማየት ታበዛ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

አብራት የምትሠራው አክስቷ ቁልፍ እየተከለች ሁሉን ታያለች። «ላንቺ የሚመላለስ መሰለሽ?» አለቻት አንድ ቀን። «እሱ እቴ፣ ያሽኮረመመው ቴፑን ነው። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል።»

ነገሩ ሆዷ ገባ። ሰውየው ቀና ባለ ቁጥር ወዴት እንደሚያይ ትከታተል ጀመር። መደርደሪያውን ያያል። እሷንም ያያል፤ ግን የትኛውን አስቀድሞ?

በስድስተኛው ሳምንት ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ካመኑኝ ቴፑን ልጠግንልዎ» አላት።

ሰፊዋ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። ያንን ድምፅ ደግማ ብትሰማ ምንኛ በወደደች። ግን ሰብሳቢ ሰብሳቢ ነው፤ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ የማይረባውን ከትቶ ቢመልስላት በምን ታውቃለች?

«ነገ ይውሰዱት» አለችው።

እሱ እንደ ወጣ መፍቻ ተዋሰች። የቴፑን ጀርባ ከፈተችና አባቷ «ልቡ» ይለው የነበረውን፣ ካሴቱን የሚያዞረውን ሞተር፣ በቀይ ክር ቋጠረችው። የደንበኞቿ ልብስ እንዳይቀያየር የምታደርገው ይህንኑ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች አክስቷ ባትሪ አበራችላት።

በሳምንቱ ቴፑ ተመለሰ። ሰዓት ሠሪው የአባቷን ካሴት ከተተና ቁልፉን ተጫነ፤ የድሮው ዘፈን ሱቁን ሞላው። ሰፊዋ እንባዋን ስትጠርግ እሱ ወለሉን አየ፣ ምንም አልፈልግም አለ፣ ተጣድፎም ወጣ። ጥድፊያው አላማራትም።

ጀርባውን ከፈተችው። ቀዩ ክር የለም። ሞተሩም የአባቷ አይደለም።

«አላልኩሽም?» አለች አክስቷ።

ሰፊዋን ያንገበገባት ሞተሩ ብቻ አልነበረም። ያ ሁሉ ምልልስ፣ ያ ሁሉ ዓይን መስበር፣ ለአንድ ሞተር ኖሯል! እሷ ደግሞ መውደድ ጀምራ ነበር።

የያዘችውን ጨርቅ ጥላ ቤቱ ድረስ ሄደች። በሩ ገና ከመንኳኳቱ ተከፈተ።

«አንተ!» አለችው፤ እስከዚያ ቀን አንቱ ስትለው ነበር። «የአባቴን ሞተር የት አደረስከው?»

ሰዓት ሠሪው መንገድ ለቀቀላት። ወደ ሱቋ ያመጣቸው ቴፖች እሷ የሰፋችላቸውን ልብስ ለብሰው ተሰልፈዋል። አንዱ ብቻ ጀርባው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ራቁቱን ቀርቷል፤ መጀመሪያ ቀን አቅፎት የመጣው ነው። ሞተር የለውም። አጠገቡ ትንሽ የሰዓት ሳጥን ውስጥ፣ ጥጥ ላይ፣ የአባቷ ሞተር ከነቀይ ክሩ ተቀምጧል።

«ተቃጥሎ ነበር» አላት። «እንዲህ ያለ ሞተር ዛሬ ፈልጎ አይገኝም። ከራሴ ነቀልኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እሺ አትይም ነበር።»

ሳጥኑን አነሳች። «ክሩን አይተኸዋል?»

«ገና እንደ ከፈትኩት። እንዳላመንሽኝ ገባኝ። ከፍቶኝም ነበር።»

«ፈትተህ አዲሱ ላይ ብትቋጥረው እኮ በፍጹም አላውቅም ነበር።»

«አስቤው ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው። «ግን ያኔ ነው የማታልልሽ። ስለዚህ ተውኩትና እስክትመጪ በሩ ሥር ተቀመጥኩ።»

ሳጥኑን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጠርጥሬሃለሁ» አለችው። «ይቅር በለኝ።»

ከዚያ እጇ እንደ ልማዷ ወደ ኮሌታዋ ሄደ፤ ቀይ ክር የገባበት መርፌ ከዚያ አይጠፋም። የሸሚዙን እጅጌ ጠጋ አድርጋ ያዘችና፣ ከቁልፉ ሥር አንድ ቋጠሮ ቋጠረችበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሌላ ሰው እንዳይወስድብኝ።»

ሰዓት ሠሪው በዚያች ሰዓት ወለሉን አላየም።