የቀሊና ከንቲባ መሐላ

በዘርማኤል መንግሥት ዳርቻ፣ ቀሊና በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ ምንጩ የደረቀው ሸንጎው ከንቲባውን ዱርሳንን በሻረ ማግስት ነው። ውሃውን ከዐለት የሚጠራው ሰማያዊ ድንጋይ ከመንበሩ ጠፍቶ ነበር። ሌባውን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገም፤ ሃያ ዓመት የገዛው ዱርሳን ከነበቅሎው የለም። የተሻረው በአንድ ድምፅ ብልጫ ሲሆን፣ ያንን ድምፅ የሰጠችው የገዛ ልጁ፣ የሸንጎው ታናሽ አባል ሲሐራ ናት።

ሌሎቹ ስድስት የሸንጎው ሹማምንት ከእሷ ጋር ተሰበሰቡ። ሦስት ቀን ሙሉ ግን ከውሃው ይልቅ የጠማቸው ወንበሩ ነበር። በአራተኛው ቀን ሲሐራ ተነሳች።

«እናንተ ተነታርካችሁ እስክትጨርሱ ከተማ አይኖርም። ድንጋዩን ሳልይዝ ብመለስ እግሬ ይህን ደጅ አይርገጥ» ብላ ማለች።

የተከተላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በር ጠባቂው ሽማግሌ ጎርማ፣ እሱም እየተነጫነጨ።

የበቅሎውን ዱካ ተከትለው የእሾህ ጫካውን ሁለት ቀን አቋርጠው፣ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከአውሎጥ ዋሻ ደረሱ። አውሎጥ ሐሰተኛ መሐላ እየበላ የወፈረ ባለ ክንፍ አውሬ ነው፤ ምስጋና ለሹማምንት፣ ርቦት አያውቅም። ጎርማ ጦሩን ቢቀስር አውሬው በጅራቱ ሰበረው፤ የሽማግሌውንም ክንድ አብሮ።

ዱርሳን ዋሻው ውስጥ፣ ውሃ ከሚያፈልቀው ድንጋይ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«ሲሐራ፣ ልጄ፣ ነዪ ጠጪ» አላት። «ትንሽ ይጠማቸውና ራሳቸው ለምነው ይመልሱኛል። ከእኔ በኋላ ወንበሩ ያንቺ ነው። ለማን ብዬ የለፋሁ ይመስልሻል?»

«የሚያጠቡ እናቶች ጡታቸው ደርቋል፣ አባዬ። ድንጋዩን ይስጡኝ።»

አውሎጥ ሳቀ። «እሱ መስጠት አይችልም። የሚያነሳው የከንቲባውን መሐላ የማለ ብቻ ነው። ይህ ሰው ከቀሊና በቀር ዘመድ የለኝም ብሎ በማለ ማግስት የከተማውን ቦይ ለወንድሙ ሰጠ፤ እዚህ እንደ ደረሰ ያን ቃሉን በላሁት፤ ከእንግዲህ ሊያነሳው አይችልም። እዚህ የተማለ ግን እንዳለ ይፈጸማል።»

የዱርሳን ፊት ተለወጠ። «አትማዪ» አላት፤ አሁን የሚናገረው ከንቲባው ሳይሆን አባቷ ነበር። ሲሐራ ፈራች። በዓለም ላይ ከእሱ ሌላ ማንም አልነበራትም። ቢሆንም እጇን ድንጋዩ ላይ ጫነች።

«ከዛሬ ጀምሮ ከቀሊና በቀር ዘመድ የለኝም።»

እውነተኛ መሐላ ቀምሶ የማያውቀው አውሎጥ ጉሮሮው ታንቆ ወደቀ። ድንጋዩ በእጇ ቀለለ። ዱርሳን ዓይኑን አሻሽቶ ቀና አለ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አላት በትሕትና።

ሲሐራ ድንጋዩን አቅፋ፣ ጎርማን ደግፋ፣ እያለቀሰች ቁልቁል ወረደች።

ምንጩ ፈለቀ። ስድስቱም ሹማምንት ወንበሩን ለቀቁላት፤ ከነዋጋው የሚፈልገው አልነበረም።

ከወራት በኋላ፣ በምሕረት የተመለሰው ዱርሳን ከባለጉዳዮች ጋር ተሰልፎ ቀረበ። ጎረቤቱ የውሃ ተራውን እየነጠቀ አስቸግሮታል። ሲሐራ ሁለቱንም ሰማች፤ ቦዩንም ራሷ ሄዳ አየች። እውነቱ የዱርሳን ስለነበር ፈረደችለት።

ዱርሳን ከወገቡ ጎንበስ አለ።

«የወለደዎት ይባረክ» አላት።

«አሜን» አለች ሲሐራ፤ ተከታዩንም ባለጉዳይ ጠራች።