የአዛውንቱ የበረዶ ጎማዎች

መኪናዋ ከድልድዩ ሥር፣ በብርድ ወደ በረዶነት በተለወጠው ወንዝ ላይ፣ ጎማዎቿን ወደ ሰማይ ሰቅላ ተገኘች። በውስጧ የሰባ ስምንት ዓመቱ የሽንኩርት ገበሬ ቶኩጂሮ ካነሂራ በመቀመጫው ቀበቶ እንደተንጠለጠለ ሞቷል። አጠገቡ በሐምራዊ ጨርቅ የተቋጠረ የሕፃን ብርድ ልብስ ወድቋል። በዚያው ንጋት ሴት ልጁ ሳዮ ከተራራው ማዶ ባለው ሆስፒታል ወንድ ልጅ ተገላግላ ነበር። የልጅ ልጁን ሊያይ ሲገሰግስ ነው እንደወጣ የቀረው።

መርማሪ ቶጋሺ ከኪታሚ ከተማ ደረሰች። አስከሬኑን ካየች በኋላ ከካፖርቷ ኪስ ሚስማር አውጥታ የጎማውን ጥርስ ወጋችው። አልገባም። ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበበች፤ ጎማው ከተሠራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ደርቆ እንደ ቀንድ ሆኗል። ጎማውን በሚያስረው በየዳዶው ላይ ደግሞ ቢጫ የቀለም ጭረት አየች። ጭረቱ ዳዶው ጠርዝ ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል፤ ጎማው የጠለቀበት የብረት ቸርኬ ግን ንጹሕ ነው።

«ጎሚስታው ማነው?»

«ናሩሚ» አለ የከተማው ፖሊስ። «መዝገቡ ላይ በመከር አራት አዲስ የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው ገጠምኩ ብሎ ጽፏል።»

ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። በቀብሩ ዕለት ናሩሚ የሐዘን ገንዘብ ያለበትን ፖስታ በሁለት እጁ ሲያቀርብ ሳዮ በሰው ፊት መለሰችበት።

«አዲሱን ለራስህ አስቀርተህ አሮጌውን ገጠምክለት! አርባ ዓመት ሙሉ እሱ ወንድሜ ሲልህ፣ እኔ አጎቴ ስልህ!»

ናሩሚ ጎንበስ ብሎ ፖስታውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቁ የሚታጠፍ መኪና ጠፋ። ዐቃቤ ሕጉም ሊከስሰው የቶጋሺን ሪፖርት ይጠብቃል።

መርማሪዋ ወደ ሱቁ ስትገባ ሽማግሌው ናሩሚ ከምድጃው አጠገብ ብቻውን ተቀምጧል።

«የመጡባት መኪና ጎማ ማለቁን በመስኮት አየሁ» አላት። «ለካ ሌባ የሚያመልጣችሁ በዚህ ነው።»

«ዛሬ የመጣሁት ለእርስዎ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አይሮጡም። ቶኩጂሮ ምን ዓይነት ጎማ መረጡ?»

የናሩሚ ፊት በራ። «መች መረጠ፣ ተጨቃጨቅን እንጂ! ባለ ሃያ ኢንቹን፣ የሚያብረቀርቀውን ቸርኬ አየና ሙጭጭ አለ። ‹ለእንዲህ ያለች መኪና ትንሽ ቸርኬ? ለሙሽራ የልጅ ጫማ ልታጠልቅ ነው?› አለኝ። እኔ አሥራ ስምንቱን አልኩ። ቸርኬው ሲያንስ የጎማው ጎን ይወፍራል፤ ጉድጓዱን ይችላል። ጎማውም ብርድ የማያደርቀው ለስላሳ ይሁን አልኩት። ሃያው ያሳምርሃል፣ አሥራ ስምንቱ ቤትህ ይመልስሃል ስለው ሳቀና ተሸነፈ።»

«ታዲያ አሮጌው ከየት መጣ?»

ናሩሚ እሳቱን ቆሰቆሰ። «አላስታውስም።»

ቶጋሺ ማስታወሻዋን ዘጋች። ከሦስት ወር በፊት የነበረን ጭቅጭቅ ቃል በቃል የሚያስታውስ ሰው የገዛ ሥራውን ረሳሁ ይላል። ይህ ሰው ራሱን እየተከላከለ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። የሳዮ ባል ሪዮሄይ በር ላይ ተቀበላት።

«አባባ በረዶው ሊጀምር ሲል መንጃ ፈቃዳቸውን መልሰው ነበር» አለ። «አልነዳም ብለው ለሳዮ ማሉላት። መኪናዋ እስከ አደጋው ንጋት ድረስ ንቅንቅ አላለችም።»

«ልጁ መወለዱን ማን ነገራቸው?»

«እኔ ደወልኩ። መጥቼ እወስድዎታለሁ፣ ይጠብቁኝ አልኳቸው። እሺ ብለውኝ ነበር እኮ።»

ስትወጣ ደጃፉ ላይ በቆመችው በሳዮ መኪና ጎማ ሥር ጎንበስ አለች። መኪናዋ አባቷ ለሠርጓ የሰጣት የቀድሞ መኪናው ናት፤ ከሟቹ መኪና ጋር የአንድ ፋብሪካ ታላቅና ታናሽ ናቸው። ቶጋሺ ቀና ስትል ፊቷ ላይ የደስታ ምልክት አልነበረም።

በማግስቱ ሁሉንም በናሩሚ ሱቅ ሰበሰበቻቸው። ሳዮ ሕፃኑን አቅፋ ከናሩሚ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች።

«ሊያጭበረብር የፈለገ ጎሚስታ» አለች ቶጋሺ፣ «ጎማውን አውልቆ ሌላ ያጠልቃል፤ ቸርኬው አይነካም። እዚህ ግን የተለወጠው ከነቸርኬው ነው። ይህን ያደረገው ክሪክና መፍቻ እንጂ የጎማ ማሽን የሌለው ሰው ነው።»

«ሌባ ነዋ» አለች ሳዮ።

«ሌባ ወስዶ ይሄዳል። ይሄኛው አራት ጎማ ትቶ ሄደ፤ የተዋቸውም ልክክ ብለው ገቡ። በዚህ ከተማ ለዚያች መኪና የሚገጥም ቸርኬ ያላት አንዲት መኪና ብቻ ነች። አቶ ናሩሚ ያጠበቁትን ዳዶ ሁሉ ከዳዶው እስከ ቸርኬው ቢጫ ያሰምሩበታል። የመስመሩ ግማሽ በአባትሽ መኪና ዳዶ ላይ ቀርቷል። ሌላው ግማሽ በአንቺ መኪና ቸርኬ ላይ ነው።»

ሪዮሄይ ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

«ሆድሽ ገፍቶ ነበር፣ ሳዮ። በእኛ ጎማ ተራራውን ላሻግርሽ ፈራሁ። የአባባ መኪና ዝም ብላ ቆማለች። አይነዱም ብዬ ቀየርኩት... ስደውልላቸው ልነግራቸው ነበር። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ሲስቁ ስሰማ አፈርኩ።»

«እሺ፣ ያኔ አፈርክ። አጎቴ ላይ ስጮህስ?» ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። «አጠገቤ ቆመህ ነበር እኮ።»

ሪዮሄይ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፋ።

ሳዮ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አጎቴ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ከቀብሩ ስወጣ መኪናሽን አየኋት። የገዛ እጄን ሥራ አጣዋለሁ?» አለ ናሩሚ። «እኔ ሱቄ ቢዘጋ አርጅቻለሁ። ይሄ ትንሹ ግን አባት ያስፈልገዋል ብዬ ነው።»

«የእርስዎ ጉዳይ ዛሬ ይዘጋል» አለችው ቶጋሺ። ለሪዮሄይ ደግሞ፣ «አንተ ነገ ጠዋት መጥተህ ቃልህን ትሰጣለህ» አለችው።

ሳዮ ተነሣች። «ይፍቱልኝ፣ አጎቴ። እነዚያን ጎማዎች አሁኑኑ ይፍቱልኝ።»

ናሩሚ መፍቻውን ይዞ ወጣ። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለና ዳዶዎቹን በመፍታት ፈንታ አንድ በአንድ አጠበቃቸው።

«አልፈታም፣ ልጄ። መንገዱ መስታወት ሆኗል፣ ሕፃን ይዘሻል። የሚገጥምሽ ሌላ የለኝም።»

ሳዮ ግንባሯን የመኪናዋ በር ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ከዚያ ሕፃኑን በኋላ ወንበር ላይ አስራ መሪው ላይ ተቀመጠች። ሪዮሄይ በሩን ሊከፍት እጁን ዘረጋ።

«አንተ በእግርህ ና» አለችው።

መኪናዋ ሳትንሸራተት ቀስ ብላ ወጣች። ሪዮሄይ ጎማዎቹ በበረዶው ላይ የተዉትን ዱካ እየረገጠ ከኋላዋ ተከተለ።