የጁምዓው ቁልፍ

ሰርቨሩ ለሰባተኛ ጊዜ አጉረመረመ። ለሰባተኛ ጊዜም ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ፣ ማንም አንብቦ በማይጨርሰው ነጭ ጽሑፍ ተሞላና እልም አለ። ከዚያ፣ ማንም ሳይነካው፣ እንደገና ለመነሣት መታገል ጀመረ።

«አሁንም ያው ነው» አለ ኢልያስ።

ቲቸር ሙህዲን የማሽኑን ገመዶች እንደገና ፈተሹ። ሌላ ጊዜ ማሽን ሲጠግኑ ያፏጫሉ፤ የተበላሸው ነገር በከፋ ቁጥር ፉጨታቸው ይደምቃል። ዛሬ ግን አንዴም አላፏጩም። ኢልሃምን ከሰማያዊው ስክሪን ይልቅ ያስፈራት ይሄ ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ ግቢው ጭር ብሏል። የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ያሉት መምህሩና ሦስት የኮምፒውተር ክበቡ አባላት ብቻ ናቸው፤ ኢልያስ፣ ኢልሃምና ጓደኛዋ ፋሪዳ። ሰርቨሩ ማለት የክፍሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ዋናው ማሽን ነው። አሁን ሆዱ ውስጥ ያለው የአሥረኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ነው፤ የአራት መቶ ስድሳ ሁለት ሰው ስም፣ የትውልድ ዘመንና ፎቶ። ኢልያስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያነሣው ነው። ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ለዞኑ መድረስ አለበት። ስሙ ያልደረሰ ሰው ዘንድሮ አይፈተንም።

«ኮፒ አልነበረንም?» አለች ፋሪዳ።

«ፍላሽ ላይ ነበር። ፍላሹን ቫይረስ በላው» አሉ ቲቸር ሙህዲን። «ዛሬ አዲስ ልገለብጥ ነበር የመጣሁት።»

«መብራቱ ነው!» አለ ኢልያስ። «ትናንት እኮ ሁለቴ ቦግ እልም ብሎ ነው የጠፋው። ዲስኩን አቃጥሎታል፣ ወላሂ።»

ቲቸር ሙህዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሚሴ ውስጥ ማንም የማይከራከርበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ፍሪጅ ሲሞት መብራቱ፣ ቴሌቪዥን ሲጨስ መብራቱ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር ሲግል መብራቱ ነው። መብራት ደግሞ ተጠርቶ አይጠየቅ፣ «እኔ አይደለሁም» አይል። እሱ ላይ ከተሳበበ በኋላ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ከንፈሩን መጥጦ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ኢልሃም ግን መብራቱ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ዓርብ ዓርብ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ትምህርት ቤቱ ለጁምዓ ይለቀቃል። መምህሩና ወንዶቹ መስጊድ ሲሄዱ የኮምፒውተር ክፍሉ ተቆልፎ ይውል ነበር። መስከረም ላይ ኢልሃም ልቧ እየመታ ጠየቀች። «ቲቸር፣ በሌላው ቀን ወንዶቹ ማሽኖቹን ይቀድሙናል። በጁምዓ ሰዓት ቁልፉን ለእኛ ቢሰጡንስ?» ኢልያስ ስቆ «ሴቶቹ ሰርቨር ሊጠብቁ!» አለ። ቲቸር ሙህዲን ግን ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩት። «አማና ነው፣ አደራ» አሉ፤ ሌላ ምክር አልጨመሩም። ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ አሥራ አራት ሴት ልጆች ሁለት ሰዓት ሙሉ የራሳቸው የሆነ ክፍል አላቸው።

ትናንት ከፋሪዳ በስተቀር ሁሉም ቀድመው ወጥተው ነበር። ኢልሃም የተፈታኞቹን ፎቶ ልታስተካክል ሰርቨሩ ላይ ተቀመጠች። ከጨፋ ሮቢት በኩል የመጣች ሰዒዳ የምትባል የግል ተፈታኝ ፎቶዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን እጅ ገብቶባታል፤ ያንን ቆርጣ ልታወጣ ነው። ግን የሰርቨሩ ስክሪን ሁሉን ነገር አግዝፎ ስለሚያሳይ ከሰዒዳ ፊት የሚታየው ግማሽ ግንባርና ያቺ ትንሽ እጅ ብቻ ነበር። የስክሪኑ ድራይቨር ስለሌለ ነው። ድራይቨር ማለት ማሽኑን ከእያንዳንዱ ዕቃው ጋር የሚያግባባ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ባቲ ኮምፒውተር የሚጠግነው የአጎቷ ልጅ ሙሐመድዘይን ደግሞ የማሽን ሁሉ ድራይቨር ያለበት ሲዲ ሰጥቷት ነበር። ከተተችው። አሥራ አንድ ስሞች መጡ። እንደ ልማዷ ደብተሯ ላይ አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። የስክሪኑ የትኛው እንደሆነ ስላላወቀች «ሁሉንም አድስ» የሚለውን ተጫነች። ተጭኖ ሲያበቃ ማሽኑ ልጥፋና ልነሣ አለ፤ ያኔውኑ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ ጲጵ ጲጵ ሲል አጠፋችው፣ ቆለፈች፣ ወጣች።

ፋሪዳ አሁን በክርኗ ጎሸም አድርጋ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

«ፊትሽ አመድ መስሏል። ይነቃብሻል እኮ!»

«ፋሪዳ፣ እኔ ነኝ። ያ ሲዲ ነው።»

«ጨሊሲ! ዝም በይ! ማን ጠየቀሽ? መብራቱ ነው ብለዋል፣ አለቀ።»

«ማል ጎና? ምን እናድርግ ታዲያ? ምዝገባው ሊጠፋ ነው።»

«ብትናገሪ ይመለሳል? ቁልፉን ነው የሚቀሙን። የአንቺን ብቻ መሰለሽ? የአሥራ አራታችንንም። ኢልያስ ደግሞ እስክንመረቅ ይስቅብናል።»

ፋሪዳ ልክ ነበረች። ኢልሃምን ያናደዳት እሱ ነው። ጓደኛዋ ክፉ ምክር መክራት ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይቀል ነበር።

«በቃ» አሉ ቲቸር ሙህዲን ድንገት። ከመሳቢያ የዊንዶውስ ሲዲ አውጥተው ከተቱ። «ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ኢልያስ፣ ካሜራህን አምጣ። ከተማ ያሉትን ዛሬና ነገ ጠርተን እናነሣለን።»

«የግል ተፈታኞቹስ? ሰማንያ ሦስት ናቸው» አለ ኢልያስ። «አንስቼ ወደየቤታቸው ሰደድኳቸው እኮ፤ ፎቶውንም ከካሜራው አጥፍቼዋለሁ። ማሽላ ቆረጣ ላይ ናቸው፤ ግማሾቹ ስልክም የላቸው።»

ቲቸር ሙህዲን ወደ ስክሪኑ ዞሩ። «ለከርሞ ይጠብቃሉ» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መጣ። አንድ ቁልፍ ከተጫኑ ዲስኩ ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል። «የተቃጠለ ዲስክ ከሆነ ለማንኛውም ጠፍቷል» አሉ፣ ራሳቸውን የሚያሳምኑ ይመስል። ጣታቸው ቁልፉ ላይ አረፈ።

ኢልሃም ሰዒዳን አሰበች። ያቺ ሴት ሕፃን አዝላ ነበር የመጣችው። ካሜራው ፊት ስትቀመጥ ሻሿን ሦስት ጊዜ አስተካክላለች።

«አልተቃጠለም» አለች። ከመስኮቱ ወደ ማሽኑ ሮጠች። «ቲቸር! አልተቃጠለም! ይተዉት!»

ጣታቸው ተነሣ። ሦስቱም ዞረው አዩዋት።

«መብራቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ትናንት በጁምዓ ሰዓት ሳልጠይቅዎት ድራይቨር ጫንኩበት።»

ኢልያስ አፉን ከፍቶ ቀረ። ፋሪዳ መሬት መሬት አየች። ቲቸር ሙህዲን ይጮኻሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ እሷ አዙረው እንደ ሐኪም ይጠይቋት ጀመር።

«ከጫንሽ በኋላ ተነሥቶ ነበር?»

«አልተነሣም። መብራት ሲሄድ አጠፋሁት።»

«ምን ምን ነው የጫንሽው?»

ደብተሯን አውጥታ ዘረጋች። ቲቸር ሙህዲን አሥራ አንዱን ስም በቀይ እስክሪብቶ እየተከተሉ ወረዱ፤ ሰባተኛው ላይ ቆሙ።

«ሱብሃነላህ! ይቺ ናት! ዲስኩን የሚያነበው ድራይቨር እኮ ነው፤ ለኛ ማሽን የተሠራ ግን አይደለም። ዲስኩ ደህና ነው። ማሽኑ ነው ሊያገኘው ያልቻለው!» ስሙን በቀዩ ከበቡት። «ይሄን ሳላውቅ ዓመት ብፈልግ አላገኘውም ነበር። አንቺ አንብቢልኝ፣ ፊደል በፊደል። አንድ ፊደል ከተሳሳትን አይቀበልም።»

የዊንዶውሱ ሲዲ ከፎርማቱ ሌላ መጠገኛም ነበረው። ጥቁር ስክሪን ተከፈተ። ኢልሃም አነበበች፣ እሳቸው መቱ። አዲሱን ድራይቨር አገዱት። ቀጥሎ የድሮውን መልሰው ማስነሣት ቀራቸው። ሦስተኛው ፊደል ላይ ሲደርሱ አምፖሉ ድርግም አለ።

መብራት ሄደ። ባትሪው ጲጵ ማለት ጀመረ።

«ያ ረቢ!» አለ ኢልያስ። «አራት ደቂቃ ነው የሚይዘው!»

«አታቋርጪ» አሉ ቲቸር ሙህዲን።

አላቋረጠችም። ጩኸቱ ጆሮዋ ውስጥ እየገባ የቀሩትን ፊደላት ጠራች። ትእዛዙ ተቀባይነት አገኘ። ሲዲውን አወጡ፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ተነሣ። ጥቁር ሆነ። ቆየ። ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል ብላ ኢልሃም ዓይኗን ጨፈነች።

«ቢስሚላህ...» ስትል ፋሪዳን ሰማቻት፤ ቀጥሎ የኢልያስ «አልሐምዱሊላህ!» ክፍሉን ሞላው። ዓይኗን ስትከፍት ያ ግዙፍና አስቀያሚ የይለፍ ቃል መጠየቂያ ስክሪኑን ሞልቶት ነበር። እንደዚያ ቀን አምሮ ታይቷት አያውቅም።

ቲቸር ሙህዲን ምዝገባውን ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጡ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑን አጠፉትና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን።»

ኢልሃም ሰጠቻቸው።

«ሰማንያ ሦስት ሰው አትርፈሻል፤ አልረሳውም» አሉ። «በአማና የያዝሽውን ሳትጠይቂ ነክተሻል፤ እሱንም አልረሳውም። ለጊዜው እኔ ጋ ይቆይ።»

ውጪ ሲወጡ ፋሪዳ «አላልኩሽም?» አለች። ኢልሃም እንባዋን እየጠረገች መንገዷን ቀጠለች።

በሚቀጥለው ዓርብ፣ አምስት ተኩል ላይ፣ ቲቸር ሙህዲን ክፍሉን ቆልፈው መስጊድ ሄዱ። የምዝገባው ዝርዝር ሰኞ ደርሷል፤ ሰዒዳም ውስጡ አለች። ሴቶቹ ልጆች ግን ቁልፉ መወሰዱን አላወቁም። ደብተራቸውን አቅፈው እየተሳሳቁ መጡ፣ መዝጊያውን ገፉ፣ እምቢ አላቸው።

«ቁልፉስ?» አለች አንዷ።

«መብራት ጠፍቶ ነው አይደል?» አለች የዘጠነኛ ክፍሏ ዘይና።

ፋሪዳ ኢልሃምን አየቻት። «አዎ» ብትል ማንም ሁለተኛ እንደማይጠይቅ ሁለቱም ያውቃሉ። አሥራ ሁለት ልጆች ከንፈራቸውን መጥጠው ይበተናሉ።

«መብራት አለ» አለች ኢልሃም።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ደብተሯን አውጥታ አሥራ አንዱ ስም ያለበትን፣ ሰባተኛው በቀይ የተከበበበትን ገጽ ገለጠች። ጉንጯ እየጋለ፣ አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ አበስ አደረገች።

«ቁልፉን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች። «ቁጭ በሉ፤ ምን እንደሠራሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።»