ኦፌሊያ ፈልጋ ያገኘችው በር

አንሴልሞ በቬራክሩዝ ወደብ የመርከብ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ኦፌሊያ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት መጀመሪያ የመጣው እጁን ብረት ቆርጦት ነው። ቁስሉን እየጠረገች «ያምሃል?» ብትለው፣ «አንቺ ስትይዥው አያምም» አላት። አፉ አረቄ አረቄ ይላል። ሸተታት። ግን ዓይኑ ዓይኗ ላይ ትንሽ ቆይቶ ነበርና፣ የሸተታትን እንዳልሸተታት ቆጠረችው።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ስትቆጥር ኖረች።

በሦስተኛው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ባሕሩ ዳር ካለው ግንብ ላይ ተቀምጠው ሳለ አንሴልሞ ድንገት ወርዶ ተንበረከከ። «ኦፌሊያ፣ እኔ ውኃ የሚያስገባ ጀልባ ነኝ። መስመጤ ካልቀረ ግን አንቺ ባለሽበት ልስመጥ። አግቢኝ።» መንገደኛው ቆሞ አጨበጨበ። እሷ እያለቀሰች እሺ አለችው።

መከራው የመጣው በአባቷ ሙት ዓመት ጸሎት ላይ ነው። አንሴልሞ እየተንገዳገደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የአባቷ ፎቶግራፍ ላይ ወደቀ። መስታወቱ ደቀቀ። እናቷ ዶኛ ኤርሊንዳ ስብርባሪውን በእጇ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «ወይ ያ ሰው መጠጡን ይተው፣ ወይ አንቺ እኔን ተዪኝ» አለቻት።

ኦፌሊያ ጠጪዎች ተሰብስበው መጠጥ የሚተዉበትን ቦታ ፍለጋ ወጣች። የመጀመሪያው አድራሻ ዶሮ መሸጫ ሆኖ ጠበቃት።

«ስብሰባው? ተበትኗል እኮ!» አለቻት ሻጯ፣ ላባ እየነጨች። «ሰብሳቢው ራሱ ወደ ጠርሙሱ ተመለሰ።»

ሁለተኛው በር ተቆልፎ፣ ቁልፉም ዝጎ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ጎማ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰች፤ ዶን ካዚሚሮ ይባላሉ።

«አባባ፣ እዚህ አካባቢ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ ይባላል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለማን ነው?»

«ለ... ለጎረቤቴ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ እዚህ የሚመጣ ሁሉ ለጎረቤቱ ነው የሚጠይቀው። እኔም ስመጣ ለጎረቤቴ ነበር።» ግራሶ በነካው ጣታቸው ወደ ፎቁ አመለከቱ። «በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ጎረቤትሽ ግን በእግሩ ይምጣ፤ ተሸክመሽ እንዳታመጪው።»

ተሸክማ አመጣችው ማለት ይቀላል። አንሴልሞ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ሰደባት። «አዋረድሽኝ! እንደ ውሻ እየጎተትሽ!» አላት። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ተነሥቶ ገባ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጁ ማንኪያ አይይዝለትም ነበር። የዓሣ መረቅ ታጎርሰዋለች፣ ያስታውከዋል፣ ትጠርግና እንደገና ታጎርሰዋለች። በየቀኑ ከሥራ ወጥታ እዚያ ታደርሰዋለች፤ እስኪጨርስ ታች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ወራቱ እየገፉ ሲሄዱ ፊቱ ጠራ፣ ሥራው ላይ በረታ። ቀልዱ ግን ነጠፈ። ሲያያትም ዓይኑ እንደ ድሮው አይቆይም። ከሕመሙ ነው ብላ ታገሠች።

ሳይጠጣ አንድ ዓመት የሞላው ዕለት ኦፌሊያ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ኬክ ይዛ ደረጃውን ወጣች። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ጭብጨባው ሲያበቃ አንሴልሞ ውጭ፣ ደረጃው አናት ላይ ጠራት።

«እዚህ ሰው እውነት መናገር ይማራል» አለ። «የበደልኩሽን ልነግርሽ እፈልጋለሁ።»

«ሁሉንም ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ገና አልሰማሽውም እኮ።» ግድግዳውን እያየ ቀጠለ። «አግቢኝ ማለቴን የሰማሁት ከሰው ነው። ያን እሑድ አላስታውሰውም። ሳምንቱን በሙሉ አላስታውሰውም።»

ኦፌሊያ የደረጃውን ብረት ያዘች።

«አሁን እኮ አልሰከርክም» አለችው። «እንግዲያው አሁን ጠይቀኝ።»

ብረቱን የያዘ እጇን አየ። ውስጥ ሰዎች ኬኳን እየቆረሱ ይሳሳቃሉ።

«ሳይሽ ያ ሁሉ ይመጣብኛል» አለ በመጨረሻ። «ትውከቴን የጠረግሽበት እጅ ነው ይሄ። ልይዘው አልቻልኩም። ዕድሜ ልኬን አመሰግንሻለሁ፤ ያለ አንቺ ሞቼ ነበር። ግን አልወድሽም፣ ኦፌሊያ። ድሮም ወድጄሽ እንደነበር አላውቅም።»

እንባ አልመጣላትም። ልትወርድ ስትዞር፣

«ያን ቀን ምን ብዬሽ ነበር?» አላት።

«ያን ያለኝ ሌላ ሰው ነው» አለችው። «የሱን ቃል ላንተ አልነግርም።»

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። አንሴልሞ ጠብታ አልቀመሰም። አግብቷል፤ ሴት ልጅም ወልዷል። ባለፈው ወር መድኃኒት ቤት ገብቶ ለልጁ የትኩሳት ሽሮፕ ጠየቀ። ኦፌሊያ ስንት ማንኪያ እንደሚሰጣት አስረዳችው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ንጹሕ ሸሚዙን አስተካክሎ ወጣ።

እናቷ የደም ግፊት መድኃኒቷን ልትወስድ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። እሱ እንደወጣ፣

«ልጄ፣ እንደዚያው ሰክሮ ቢቀር ይሻልሽ ነበር?» አለቻት።

ኦፌሊያ «የለም» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው።

«አንዳንድ ቀን፣ እማዬ» አለች። «አንዳንድ ቀን፣ አዎ።»