ድንጋይ ተሸክማ ካልመጣች

«ወይኔ! የምሯን ነው፤ ተሸክማለች!»

ሚሊዮን የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚጮኸው። መዘምራኑ ልምምዱን ትተው ወደ መስኮቱ ተንጋጉ። ሕሊና ግን ከበሮዋን እንዳነገተች ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የምትመጣው ጓደኛዋ ጽዮን እንደሆነች ታውቃለች፤ ድንጋይ ያሸከመቻትም ራሷ ሕሊና ናት።

ነገሩ የተጀመረው በከበሮ ነው። የክረምት እርጥበት የከበሮ ቆዳ ስለሚያላላ፣ ከልምምድ በፊት እሳት ዳር አስቀምጠው ያሞቁታል። አንድ ቀን ተራው የጽዮን ሆነና ስልኳን ስትነካካ ረሳችው፤ ቆዳውም ተሰነጠቀ። መምህር አንተነህ ማን እንዳቃጠለው ሲጠይቁ ደግሞ ደንግጣ «ሕሊና ናት» አለች።

ሕሊና ከበሮ እንዳትነካ ተከለከለች። በመካነ ኢየሱስ ከተማ እንደ እሷ ከበሮ የሚመታ ልጅ የለም ብትሉ የሚከራከራችሁ አታገኙም፤ እሷማ ጭራሽ አትከራከርም። ያቺ ልጅ ፍልሰታን ሙሉ ከኋላ ቆማ ስታጨበጭብ ከረመች።

ትናንት ጽዮን ሁሉም ፊት ቆመች። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ፈርቼ ነው የዋሸሁት» አለች። መምህር አንተነህ የተጠገነውን ከበሮ ለሕሊና መለሱና «በሉ ይቅር ተባባሉ። ለበዓሉ ልትቆርቡ ነው፤ ቂም ይዞ መቁረብ የለም» አሉ።

ሕሊና አንገቷን ቀና አደረገች። «ድንጋይ ተሸክማ ካልመጣች ይቅር አልላትም!»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ደስ አላት፤ ትልቅ ሰው የሆነች መሰላት። ነገሩን ያየችው አባቷ ዘንድ ነው። አቶ ከፍያለው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ደም ሲያስታርቁ ገዳዩ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ሲቀርብ ተመልክታለች።

ማታ ያደረገችውን ስትነግራቸው ግን አባቷ አልተደነቁም።

«ምን አድርጋሽ ነው?»

«ከበሮ አቃጥላ በእኔ አላከከች!»

«እኔ ደግሞ ሰው የገደለች መስሎኝ» አሉና ሳቁ።

ሕሊና ተናዳ ወደ መኝታዋ ሄደች። አቡነ ዘበሰማያት ስታደርስም አንዷን ቦታ በጥድፊያ ዘለለቻት፤ የትኛዋን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

«ኧረ ድንጋዩ ትልቅ ነው!» አለ አሁን ሚሊዮን መስኮቱ ላይ እንዳለ ስልኩን እያወጣ። «ቆይ፣ በር ላይ ስትደርስ ነው የምቀርጻት። ግሩፑ ላይ ስለቀው አስቡት!»

ሁሉም ሳቁ። ሕሊና ይሄኔ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ጽዮን ከታች ባለው ጭቃማ መንገድ ጎንበስ ብላ ትመጣለች። ሕፃናት እየተንጫጩ ይከተሏታል። አንዴ አዳልጧት በጉልበቷ ወደቀች። ድንጋዩ ግን ከማጅራቷ አልወረደም። ተነሳች፤ ግራ ቀኝ ሳታይ መንገዷን ቀጠለች።

«እኔ ብሆን እመጣ ነበር?» ሕሊና ራሷን ጠየቀች። አትመጣም ነበር። ሞቷን ትመርጥ ነበር። ይህን ስታውቅ ንዴቷ የት እንደገባ ጠፋት፤ በምትኩ ኩራት ደረቷን ሞላው። በራሷ አይደለም፣ በጽዮን ነው የኮራችው። እንዲህ ዓይነት ደፋር ጓደኛ ያለው ማን አለ?

ከበሮውን አወረደችና ወደ በሩ ሮጠች።

«ሕሊና! ወዴት ነው? እዚሁ ጠብቂያት እንጅ!» ሲል ሚሊዮን ከኋላዋ ጮኸ።

አልሰማችም። ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ጭቃውን እየረገጠች ቁልቁል በረረች። ጽዮን የግቢው በር ጋ ሳትደርስ፣ የሚሊዮን ስልክ ሳያያት፣ ከአጥሩ ሥር ደረሰችባት።

«ስለ እግዚአብሔር ብለሽ...» ብላ ጀመረች ጽዮን፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ።

«ይቅር ብያለሁ! ይቅር ለእግዜር! አውርጅው በናትሽ!» ሕሊና ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘችው። ከበዳትና አብሯት ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «አንቺ! ይሄን ሁሉ እንዴት ተሸከምሽው?»

«ትንሽ ይዤ ብመጣ አሾፈችብኝ ትያለሽ ብዬ ነው።»

ሕሊና ሳቋ አመለጣት። ጽዮንም ሳቀች፣ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ እንጂ። ሕሊና ድንጋዩን አጥሩ ሥር ጥላ፣ በነጭ ነጠላዋ ጫፍ የጓደኛዋን ማጅራት ትጠርግ ጀመር። ነጠላው ጭቃ በጭቃ ሆነ።

ሚሊዮን ስልኩን እንደደገነ እያለከለከ ደረሰ። «እንዴ! ድንጋዩስ? ልቀርጽ ነበር እኮ!»

ሕሊና በጽዮንና በስልኩ መካከል ቆመች።

«የምን ድንጋይ?» አለችው። «እኔ የወጣሁት ጓደኛዬን ልቀበል ነው።»

ከዚያ የጽዮንን እጅ ይዛ፣ በባዶ እግሯ ዳገቱን ወጣች።