ከፊት ነው ወይስ ከኋላ?

«አሁንስ?» አለ አባቷ ማርሹን ወደ ዜሮ መልሶ።

ፒክአፑ በራሱ ክብደት ቁልቁለቱን ይንከባለል ጀመር። ራዳር ዓይኗን ጨፍና ወደ ጋቢናው ወለል አዘነበለች። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሱት ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ አባቷ ጋራዥ ውስጥ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ራዳር ናት። ስሙን ያወጣላት ራሱ አባቷ ነው። ሌላው ሰው ምንም በማይሰማበት መኪና ውስጥ እሷ የላላ ቡሎን ትሰማለች።

«ያው ነው፣ ዉዉዉ ይላል። ስንፈጥን ይብሳል፣ ስንቀዘቅዝ ይቀንሳል።»

«እና?»

«እና ሞተሩ አይደለም። ፍሪሲዮኑም አይደለም። ያለ ማርሽም ይጮሃላ!»

«ጎበዝ። ውረጂና የፊቶቹን ፍቺያቸው።»

መኪናው ሲቆም ወረደች፤ በሁለቱም የፊት ጎማዎች እምብርት ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች በእጇ አዙራ ፈታቻቸው። አባቷም የአራት ጎማውን ማርሽ ወደ ሁለት ጎማ መለሰው። አሁን የፊት ጎማዎቹ ዝም ብለው ይንከባለላሉ፤ ኃይል የሚሄደው ወደ ኋላ ብቻ ነው። ጩኸቱ ከፊት ከነበረ መጥፋት አለበት።

እንደገና ሲነዱት አልጠፋም።

«ከኋላ ነው!» አለች፣ ጎል ያገባች ይመስል እየዘለለች። «አባዬ፣ ባለፈው ሳምንት የመጋጠሚያውን ክሮቼራ የቀየርክበት፣ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ ነው! ወይኔ፣ አገኘሁት!»

እንዲህ ስታገኝ አባቷ ፀጉሯን ማመሰቃቀል ይወዳል። ዛሬ ግን እጁን ዘርግቶ ሬዲዮ ከፈተ። መኪና ሲፈትሽ ሬዲዮ የነካ ሰው ላይ የሚጮኸው ራሱ ነበር። ነገሩ ደስ አላላትም።

«ከፊት ነው» አለ መንገዱን እያየ። «ሾፌሩ በደረቅ አስፋልት በአራት ጎማ ነድቶ የፊቱን ጨርሶታል።»

«የፊቱ ተፈትቶም እኮ ይጮሃል...»

«ከፊት ነው አልኩሽ!»

ማታ አባቷ ለባለመኪናዋ ሲደውል ሰማችው። ሴትዮዋ ችግኝ የምታፈላ ነጋዴ ናት፤ ፒክአፑ በቀጠረችው ሾፌር እጅ ችግኞቿን ጭኖ ጭቃ ለጭቃ ይውላል። «እትዬ፣ ጥፋቱ የአነዳድ ነው» አላት በለሰለሰ ድምፅ። ራዳር አባቷ በእንዲህ ዓይነት ድምፅ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም። ጥርጣሬው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይከነክናት ጀመር።

በማግስቱ የሾፌሩ ልጅ ክፍል ውስጥ ጠበቀቻት። ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«ዛሬ ከሰዓት ሴትዮዋ አባቴን ልታባርረው ነው» አለቻት ደብተሯን እንኳ ሳታወጣ። «መኪናውን ልትረከብ ጋራዥ ስትመጣ ይዛው ትመጣለች፤ አባትሽ ጥፋቱን እፊቱ ሊነግረው። ቆይ፣ አባትሽ ሙድ እየያዘ ነው እንዴ? አባቴ በአራት ጎማ የሚነዳው ጭቃ ላይ ብቻ ነው።»

«አባቴ አይዋሽም!» አለች ራዳር። በጣም ፈጥና ነው ያለችው።

«እሺ፣ አንቺስ ምን ሰማሽ? ራዳር አይደለሽ?»

ራዳር እስክሪብቶ የጠፋባት መስላ ቦርሳዋን መበርበር ጀመረች። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነበር። ጓደኛዋ አየችው፤ ፊቷን አዞረች። ራዳር በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፒክአፑ ከመኪና ሥር ገብተው በሚሠሩበት ጉድጓድ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ፀጥ ብሏል» አለ አባቷ። «የፊቱን ፈታትቼ ሠራሁት። በይ፣ ሰዎቹ ሳይመጡ ከሥር እጠቢልኝ። በተለይ የፊቱን።»

መኪና ከሥር ታጥቦ ሲሰጥ አይታ አታውቅም። ደንበኛ የሚያየው ላዩን ነው፤ ጎንበስ የሚል የለም። ደግሞ «በተለይ የፊቱን» ምን ማለት ነው? የውሃውን ጎማና ባትሪ ይዛ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች።

መጀመሪያ የፊቱን አበራችበት። ቡሎኖቹ በደረቀ ጭቃ ተቀብረዋል። ጭቃው አልተሰነጠቀም፣ አልተፋቀም። ቁልፍ የነካው ቡሎን እንዲህ አይሆንም።

ወደ ኋላ ዞረች። የኋላው ዘንግ ቡሎኖች በቤንዚን ተጠርገው ያበራሉ፤ ግራሶው ትኩስ ነው። ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ሆኖ አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ ነው። ከመነጣጠሉ በፊት በሁለቱም ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በቀለም ይሰመርበታል፤ ሲመለስ ያ መስመር ካልገጠመ ዘንጉ ሲዞር ይንዘፈዘፋል፣ ይጮሃልም። ይህን ያስተማራት አባቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስልኩን በትከሻው ደግፎ ከዕቃ ሻጭ ጋር እየተጨቃጨቀ ሲገጥመው በዓይኗ አይታዋለች። ያኔ አሳስቶ ገጠመው፤ ዛሬ ማንም ሳያየው አስተካከለው። የሾፌሩ እጅ የለበትም።

ጭቃውን ለማንሳት ውሃውን አንዴ መልቀቅ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ማን ምን ያውቃል? የውሃውን ጎማ አፍ ወደ ፊቱ አዙራ ያዘች እንጂ አልለቀቀችውም።  ይህን ሰው ትወደዋለች፤ የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው ከእሱ ነው። አሁን ደግሞ ተናዳበታለች።

«አልጨረስሽም?» አለ አባቷ ከላይ።

ወጣች። «አባዬ፣ የፊቱን ምኑን ነው የሠራኸው?»

«ምን ነካሽ? እጠቢ አልኩሽ!»

«ቡሎኖቹ ጭቃቸው አልተነካም።»

አባቷ ንጹሕ የነበረውን እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። «ስሚ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስሜን ለማቆም ስንት ዓመት እንደለፋሁ ታውቂያለሽ። ‹ክሮቼራ እንኳ መግጠም አያውቅም› ብላ ሴትዮዋ ብታወራብኝ ማን ደጄን ይረግጣል? ሾፌር እንደሆነ ሌላ መኪና አያጣም።»

«ልጁ እኮ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው።»

አባቷ ጨርቁን አጠፈው። ውሃ የማያነሳ ምክንያት መሆኑን ራሱም ሳያውቀው አልቀረም።

በሩ ተንኳኳ። በስንጥቁ ሲያዩ ባለመኪናዋ ሴትዮ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሾፌሩ በተተኮሰ ሸሚዝ፣ ፈተና እንደሚጠብቀው ተማሪ እጁን አጣምሮ።

«ቶሎ በይ፣ አንዴ ልቀቂበትና እንከፍትላቸዋለን» አለ አባቷ በሹክሹክታ።

ራዳር ሄዳ ቧንቧውን ዘጋች። የውሃውን ጎማ ጠቅልላ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

«የፊቱን አላጠብኩትም። አላጥበውምም» አለች። ፈርታለች። «አንተ ራስህ ብትነግራቸው ደስ ይለኛል። ካልነገርካቸው ግን ጎንበስ ብለው እንዲያዩ እጠይቃቸዋለሁ።»

 አባቷ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር። ጀርባዋን ሰጥታው ወደ በሩ ሄደች፤ መቀርቀሪያውን ሳበች።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይግቡ» አለች፣ ባለመኪናዋን ትታ አስቀድማ ለሾፌሩ።

ከኋላዋ አባቷ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች።