ዋንጫው ታስሮ ነበር

ዓርብ ዓርብ ዶሃ ውስጥ መኪና ያለው ሐበሻ ሁሉ ታክሲ ነው። ለእኛ ለሰው ቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀናችን ስለሆነ፣ አንዱ ከአል ገራፋ፣ አንዱ ከኡም ሰላል መሐመድ ሰፈር እየለቀመ ቤተ ክርስቲያን ያደርሰናል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ታዲያ ኋላ የተቀመጠች ሴት ቀበቶ ለማሰር እጇን ስትሰድ፣ ሹፌሩ በመስታወት አይቶ፣ «ምነው፣ አላመንሽኝም እንዴ?» ይላታል። እሷም አፍራ ትተወዋለች። ይህን ይሉኝታ ነው ዛሬ የምከሰው፤ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

እኔን የሚያደርሰኝ ይትባረክ ነበር። እዚሁ ዶሃ ያደገ፣ የቱሪንግ መኪና ውድድር ሻምፒዮን ነው። ቱሪንግ የሚሏት መንገድ ላይ የምናያት ዓይነት መኪና ናት፤ ውስጧን አራቁተው፣ ሞተሯን አጎልብተው ለእሽቅድምድም ያዘጋጇታል። ልጁ ገና በአፍላነቱ በትንንሽ መኪና ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ 2019 ሉሰይል የውድድር ሜዳ ላይ የዓመቱን ዋንጫ ወሰደ። ወዲያው ኮሮና መጣ፣ ቡድኑ ተበተነ፣ «የእሱ ነገር ኸላስ፣ አበቃ» ተባለ። እሱ ግን ደጅ ጠንቶ ሌላ ቡድን ገባና በ2022 እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። የእኛ ሰው ያን ቀን የጨፈረውን ጭፈራ አትጠይቁኝ።

እናቱ ብርቅነሽ ጓደኛዬ ነበረች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ከዚህ ልጅ በቀር ማንም አልነበራትም። ውድድሩን ቁጭ ብላ ማየት አትችልም፤ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና «አለፈ? አለፈ?» እያለች እኔን ታደርቀኛለች። አንድ ጊዜ መካኒኮቹ በስድስት ማሰሪያ ከወንበሩ ጋር ሲጠፍሩት አይታ፣ «ልጄን እንደ እንጨት ሸክም አሰሩት እኮ!» ብላ ስቃለች። ዳግመኛ ካሸነፈ ዋንጫውን ይዛ ልትመጣ ለማርያም ተስላ ነበርና፣ በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ ስለቷን ልታደርስ ተነሳን።

አል ገራፋ ከአሠሪዬ ከማዳም ቤት በር ላይ ሲያነሱኝ ፊት ወንበር ላይ ትልቁ ዋንጫ ጉብ ብሏል። ብርቅነሽ በእሱ ምክንያት ኋላ ተቀምጣለች።

«እኔው ነኝ በቀበቶ ያሰርኩት» አለችኝ። «ቢወድቅ ይሰረጎዳላ!»

አጠገቧ ገብቼ የራሴን ቀበቶ ስስብ ክንዴን መታ አደረገችኝ።

«አንቺ ሰናይት! የማንን መኪና መሰለሽ? ሻምፒዮን እኮ ነው የሚነዳሽ!»

«ማዳም ካላሰርኩ መኪናዋን አታንቀሳቅስም፤ ለምጄዋለሁ። አንቺም እሰሪ።»

«እኔ? ከገዛ ልጄ ኋላ ተቀምጬ? ልጄን አምነዋለሁ። ማሰር እሱን መስደብ ነው።»

«እሱን ብታምኚ ሌላውን ሹፌር ማን አመነው? ይትባረክ፣ አንተ ንገራት እንጂ!»

በመስታወት ወደ እኛ አየ፤ ፊቱ በርቷል።

«እማዬን ማን ደፍሮ ይናገራታል፣ እትዬ ሰናይት?» አለና ሳቀ። «ያላ፣ እንሂድ።»

ሄድን። ልጁ አልፈጠነም፣ ለዚህ ምስክር ነኝ። መብራቱም ለእኛ አረንጓዴ ነበር። ከቀኝ በኩል ግን አንድ ትልቅ መኪና ቀዩን ጥሶ መጣብን። ይትባረክ ፍሬን ይዞ መሪውን ጠመዘዘ፤ ከፊት ጥጉ ላይ ብቻ ገጨን። ሌላ ሹፌር ቢሆን ኖሮ ያ መኪና መሃላችንን ይመታን እንደነበር ፖሊሱ ራሱ ተናግሯል። እኔ ደረቴ ላይ ሰንበር ወጣብኝ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ዋንጫው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ብርቅነሽ ግን በሁለቱ ወንበሮች መሃል ወደ ፊት ተወርውራ ነበር።

አንገቷ ተሰብሯል። ሆስፒታል እስክትደርስ ትንፋሿ ነበር፤ ልጇ እጇን ይዞ «እማዬ፣ እማዬ» ሲላት ዓይኗን አልገለጠችለትም። በዚያው አረፈች። ወይ ብርቅነሽ! ስለቷ መንገድ ላይ ቀረ።

ለቅሶው ላይ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። የሰበካው ሽማግሌ ጋሽ ደሳለኝ ከይትባረክ አጠገብ ተቀምጠው ያጽናኑታል።

«ልጄ፣ ቀኗ ደርሶ ነው። አንተ ጥፋት የለብህም፤ ፖሊስም መስክሮልሃል።»

ይትባረክ ቀና አለ።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ በእግዚአብሔር አናሳብብ። የገጨን ሰውዬ ለራሱ ይመልስ። እኔ ግን አውቅ ነበር። በውድድር ከግድግዳ ጋር ተላትሜ በእግሬ የወጣሁት ስለታሰርኩ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ‹ልጄን አምነዋለሁ› ስትል ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ። እናቴን በአንድ ቃል ማዳን ስችል ሙገሳዬን አዳመጥኩ።»

ጋሽ ደሳለኝ አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡድኑ ለአዲሱ ውድድር ጠራው። ሄደ። የሆነውን እሱው ነው የነገረኝ። መኪናው ውስጥ ገባ፣ መካኒኮቹ እንደ ወትሮው ግራና ቀኝ ሆነው ማሰሪያውን ሳቡት። ትከሻውና ደረቱ ጥብቅ ሲል፣ «ፍቱኝ» አላቸው። የጠበቀበት መስሏቸው ላላ አደረጉለት። «አላሉልኝ አልኳችሁ? ፍቱኝ!» ብሎ እንባውን ዘረገፈው። ወጥቶ የራስ ቁሩን መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ ቤቱ ተመለሰ። የሻምፒዮኑ ሩጫ በዚህ አበቃ።

ዓርብ ዓርብ ግን አሁንም ይመጣል። በመኪናው የገባች ሁሉ ሳታስር ሞተር አያስነሳም። ባለፈው አንዲት አዲስ መጤ፣ «አንተን የመሰለ ሹፌር እያለ ምን ያስፈራኛል?» ብላ ልታሞግሰው ስትል፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ወርዶ የኋላውን በር ከፍቶ፣ «እባክሽ እህቴ፣ እኔን አምነሽ አትቀመጪ፤ እሰሪ» አላት።

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው በመኪናው ሲጭናችሁ እሰሩ። ወንድማችሁም ቢሆን፣ ልጃችሁም ቢሆን እሰሩ። እናንተም መሪ የያዛችሁ፣ ሰው ሲያስር አትቀየሙ፤ ሳያስር ሲቀር ተቆጡ። ሹፌር ቢቀየም በአንድ ይቅርታ ይታረቃል። ብርቅነሽን ግን ማን ይመልሳታል?